ከጆሴፍ ስሚዝ በኋላ መሪው ማን ነበር? ስለ ቀደምት ሞርሞኖች የሥልጣን ክርክር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ1844 የሞርሞኖች መሥራች ሲገደል ተከታዮቹ አንድ ከባድ ጥያቄ ፊታቸው ተደቀነ። ከእንግዲህ እግዚአብሔር ለሁላችንም የሚናገረው በማን በኩል ነው? ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ የሰማነው ከአሸናፊው ወገን ብቻ ነው። ከሌሎቹ ወገን ሆናችሁ ስታነቡት ግን መልኩ ይለወጣል። ደጋግሜ ሳነበው የገባኝ አንድ ነገር አለ፤ ችግሩ የመልሱ መብዛት ነበር። ጆሴፍ ለተለያየ ሰው፣ በተለያየ ጊዜ፣ የተለያየ ተስፋ ሰጥቷል። ሰውየው ሲሞት ሁሉም የየራሱን ይዞ መጣ።

እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ሞርሞኖች እነማን ናቸው?

ጆሴፍ ስሚዝ በ1805 ቨርሞንት ውስጥ ተወለደ። ያደገው በኒውዮርክ ግዛት ገጠር፣ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ነው። መልአክ ባሳየኝ የወርቅ ሰሌዳዎች ላይ ተጽፎ ያገኘሁትን ተረጎምኩ ብሎ በ1830 መጽሐፈ ሞርሞንን አሳተመ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 6 ቀን ቤተክርስቲያኑን መሠረተ። ተከታዮቹ ከኒውዮርክ ወደ ኦሃዮና ወደ ሚዙሪ ሄዱ። ከሚዙሪ ሲባረሩ ደግሞ ኢሊኖይ ውስጥ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ናቩ የምትባል ከተማ ቆረቆሩ።

"ሞርሞን" ከመጽሐፉ ስም የመጣ መጠሪያ ነው። ትልቁ ቅርንጫፍ ከ2018 ወዲህ በሙሉ ስሙ፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ተብሎ እንዲጠራ ይፈልጋል። ይህ ጽሑፍ ግን ገና ሳይከፋፈሉ ስለነበሩት ሁሉ ስለሆነ የድሮውን ስም እጠቀማለሁ።

ለሁሉም የሚሆን ራእይ የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚለው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ቤተክርስቲያኑ በተመሠረተ በወራት ውስጥ ነው የመጣው። ነገሩን ያመጣው ደግሞ አንድ ድንጋይ ነው።

በ1830 መጸው ላይ ሂራም ፔጅ የሚባል አማኝ በድንጋይ እያየ ራእይ መቀበል ጀመረ። ፔጅ ተራ ሰው አልነበረም። የወርቅ ሰሌዳዎቹን አይተናል ብለው ከመሰከሩት ስምንት ሰዎች አንዱ ነው። ራሱ ጆሴፍም በድንጋይ አማካይነት ራእይ ይቀበል ስለነበር ነገሩ ለምእመናኑ እንግዳ አልሆነባቸውም። ኦሊቨር ካውድሪ ሳይቀር አመነው። ካውድሪ የመጽሐፈ ሞርሞን ዋና ጸሐፊና ከጆሴፍ ቀጥሎ ሁለተኛው ሽማግሌ ነው።

ጆሴፍ መልስ የሰጠው በራእይ ነው። መልእክቱ ግልጽ ነበር። ለመላው ቤተክርስቲያን ትእዛዝና ራእይ የሚቀበለው ጆሴፍ ብቻ ነው፤ እሱ እንደ ሙሴ ነው፣ ካውድሪ እንደ አሮን። ፔጅም ድንጋዩን ተወ።

በ1831 መጀመሪያ ኦሃዮ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ራእይ አለኝ ብላ መጣች። አሁንም በራእይ መልስ ተሰጠ። በዚህኛው ላይ ግን አንድ ሐረግ ተጨመረ። ስጦታው ከጆሴፍ ቢወሰድ እንኳ፣ በራሱ ምትክ ሌላ ሰው የመሾም ሥልጣን ብቻ ይቀርለታል። ይቺን ሐረግ ያዙልኝ። ከ13 ዓመት በኋላ አንድ ጠበቃ ይዟት ይመጣል።

ታዲያ ተተኪውን በግልጽ አልሰየመም?

ሰይሟል። ችግሩ ከአንድ በላይ መሆናቸው ነው።

በጁላይ 1834 ሚዙሪ ላይ ዴቪድ ዊትመርን በዚያ ላለው ቤተክርስቲያን ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው። ያን ዕለት ሌላም ነገር ተደረገ። እኔ በእግዚአብሔር ፊት ጸንቼ ካልኖርኩ መሪና ነቢይ አንተ ትሆናለህ ብሎታል። ይህን ጆሴፍ ራሱ በ1838 በተያዘ ቃለ ጉባኤ ላይ አምኗል።

በዚያው በ1834 መጨረሻ ካውድሪን ረዳት ፕሬዚዳንት አደረገው። ሲድኒ ሪግደን ደግሞ "ቀዳሚ አመራር" በሚባለው ከፍተኛ አካል ውስጥ አማካሪው ነበር። በ1841 ወንድሙን ሃይረምን ፓትሪያርክ (በእነሱ ዘንድ ለምእመናን የበረከት ቃል የሚሰጥ ሹም) እና ረዳት ፕሬዚዳንት አደረገው። ለትልቁ ልጁም በረከት ሰጥቶታል፤ ይህን አየን፣ ሰማን ያሉ ሰዎች በኋላ መስክረዋል።

12ቱ ሐዋርያትም አሉ። የተመረጡት በፌብሩዋሪ 1835 ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ራእይ 12ቱ ከቀዳሚ አመራሩ ጋር በሥልጣን እኩል እንደሆኑ ይናገራል። ግን እኩል የተባሉት እነሱ ብቻ አይደሉም። "ሰባዎቹ" የሚባሉት ሰባኪዎች ከ12ቱ እኩል ናቸው ይላል። በየአካባቢው ያሉ ከፍተኛ ሸንጎዎችም እኩል ናቸው ይላል። ጆሴፍ በሕይወት እያለ ይህ ችግር አልነበረውም፤ ከሁሉም በላይ እሱ አለ። እሱ ሲሞት ግን ማን ከማን እንደሚቀድም ከጽሑፉ ብቻ መለየት አይቻልም። ከዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሰዎቹ ቅን ሆነው፣ አንዱኑ ገጽ እያነበቡ፣ የተለያየ ቦታ ደረሱ።

ክፍፍሉ የመጣው ጆሴፍ ሲሞት ነው ወይስ ከዚያ በፊት?

ከዚያ በፊት። በከርትላንድ፣ ኦሃዮ ያቋቋሙት ባንክ በ1837 ወደቀ። የሰው ገንዘብ ጠፋ። ነቢይ በባንክ ጉዳይ ከተሳሳተ በሃይማኖቱስ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከሐዋርያትና ከቀደምት አማኞች ብዙዎች ጥለው ወጡ። ካውድሪና ዊትመር በኤፕሪል 1838 ሚዙሪ ላይ ተባረሩ። ልብ በሉ፣ ከላይ ተተኪ ሆነው ከተሰየሙት ሁለቱ እዚህ ጋ ወጡ ማለት ነው።

ጆሴፍ እንዴት ሞተ?

በ1844 ሁለተኛ አማካሪው የነበረው ዊልያም ሎው ከእሱ ጋር ተጣላ። ዋናው ምክንያት በምስጢር ይደረግ የነበረው ከአንድ በላይ ሚስት ማግባት ነው። ሎውና ጓደኞቹ በጁን 7 ቀን ጋዜጣ አውጥተው ነገሩን አደባባይ አወጡት። ጆሴፍ የከተማዋ ከንቲባም ነበር። የከተማው ምክር ቤት ወሰነና ማተሚያው በጁን 10 ተሰባበረ። በዚህ የተነሣ ጆሴፍና ሃይረም በካርቴጅ ከተማ ታሰሩ። ጁን 27 ቀን ከሰዓት በኋላ ፊታቸውን ያጠቆሩ የታጠቁ ሰዎች እስር ቤቱን ሰብረው ገቡ። መጀመሪያ ሃይረም ወደቀ። ቀጥሎ ጆሴፍ፣ በመስኮት ሊወጣ ሲል። 38 ዓመቱ ነበር። አብረዋቸው ከነበሩት ሐዋርያት ጆን ቴይለር ክፉኛ ቆሰለ። ዊላርድ ሪቻርድስ ተረፈ።

አስከሬኑን ጠላት እንዳይወስደው ፈርተው በይፋዊው ቀብር ላይ በአሸዋ የተሞላ ሣጥን ቀበሩ። እውነተኛውን በሌሊት በምስጢር አሳረፉ።

ሃይረም ቢተርፍ ኖሮ ክርክሩ አይነሣም ነበር?

እንደኔ በጣም ይቀንስ ነበር። ሃይረም ወንድም ነው፣ ፓትሪያርክ ነው፣ ረዳት ፕሬዚዳንት ነው። የ12ቱ ሐዋርያት ሰብሳቢ ብሪገም ያንግ ራሱ በዚያው ዓመት መጸው ላይ ጆሴፍ ተተኪ አድርጎ የሾመው ሃይረምን እንደነበርና እሱም እንደሞተ ተናግሯል። ሌላው ወንድማቸው ሳሙኤል ከአንድ ወር በኋላ በጁላይ 30 ታሞ ሞተ። ከአዋቂዎቹ ወንድማማቾች የቀረው ዊልያም ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ቁጡና ከሁሉም ጋር የሚጋጭ ሰው ነው። የጆሴፍ ትልቁ ልጅ ገና 11 ዓመቱ ነው። የመጨረሻው ልጅ በእናቱ ሆድ ነበር።

12ቱ ሐዋርያት በዚያን ጊዜ የት ነበሩ?

አብዛኞቹ በምሥራቅ ግዛቶች ነበሩ። ጆሴፍ በዚያ ዓመት ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ይወዳደር ነበር፤ እነሱ የምርጫ ቅስቀሳ ላይ ናቸው። ብሪገም ያንግ መርዶውን ያረጋገጠው ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ሰው ቤት ተቀምጦ ነው። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ጆሴፍ የመንግሥቱን መክፈቻ ይዞት ሄደ እንዴ የሚል እንደነበር በኋላ አውስቷል። ከዚያ ጉልበቱን መታ አድርጎ መክፈቻውማ እዚሁ እኛ ጋ ነው አለ።

"መክፈቻ" የሚሉት ክህነቱን የመምራትና የማዘዝ ሥልጣን ነው። ሐዋርያቱ እንደሚሉት ጆሴፍ በ1844 ጸደይ ሸክሙን ከትከሻዬ አውርጄ በናንተ ትከሻ ላይ አድርጌዋለሁ ብሏቸዋል። ይህ የተባለው በዝግ ስብሰባ ስለሆነ ተራው ምእመን አልሰማም።

በኦገስት 8 ቀን 1844 ምን ተደረገ?

ሪግደን ቀድሞ ናቩ ደረሰ፤ ኦገስት 3 ቀን። ከፒትስበርግ ነው የመጣው። ከቀዳሚ አመራሩ በሕይወት ያለሁትና ያልተባረርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ የቤተክርስቲያኑ ሞግዚት ልሁን አለ። አባባሉን አስተውሉ። በጆሴፍ ቦታ ነቢይ ልሁን አላለም። የናቩ የአካባቢው መሪ ዊልያም ማርክስም ደገፈው። ለሐሙስ ስብሰባ ተጠራ።

ያንግና ሌሎች ሐዋርያት ኦገስት 6 ማታ ደረሱ። ሁለት ቀን ቢዘገዩ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሺዎች ሜዳ ላይ ተሰበሰቡ። ነፋስ ነበር። ሪግደን ጋሪ ላይ ወጥቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተናገረ። በወጣትነቱ ከታወቁት ሰባኪዎች አንዱ ነበር፤ ያን ቀን ግን ንግግሩ ረዘመ፣ ሰውም ደከመ። ያንግ ከሰዓት በኋላ እንገናኝ አለ። ከሰዓት ሲናገር ነገሩን አቀለለው። ሪግደን ብቻውን አማካሪ ነው፤ የሚያማክረው ሰው ደግሞ በሕይወት የለም። ጆሴፍ ሥልጣኑን ለ12ቱ በሙሉ ሰጥቷል። ያንግ ራሱን ብቻውን ለምርጫ አላቀረበም። 12ቱን ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ነው የጠየቀው። እጅ ይውጣ ተባለ። ከሞላ ጎደል ሁሉም እጁን አወጣ።

እጅ ማውጣቱ ለይስሙላ አይደለም። ከመጀመሪያው ጀምሮ በዚህ ቤተክርስቲያን ማንም ያለ ምእመናኑ ስምምነት አይሾምም። ራእዩ ከላይ ይመጣል፤ ሕዝቡ ደግሞ እጁን አውጥቶ ይቀበላል።

ያን ቀን ብሪገም ያንግ ጆሴፍን መስሎ ታየ የሚባለውስ?

ብዙ ሰዎች ያንግ ሲናገር ድምፁ የጆሴፍ ሆነ፣ አንዳንዶችም መልኩ ሳይቀር ተለወጠ ብለው መስክረዋል። እስካሁን ከ100 በላይ እንዲህ ያሉ ምስክርነቶች ተሰብስበዋል። አብዛኞቹ የተጻፉት ከዓመታት በኋላ ነው። በዕለቱ በተያዙት ማስታወሻዎች ላይ አይገኝም። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ታሪኩ በኋላ ያደገ ነው ይላሉ።

እኔ ሰዎቹን ውሸታም ለማለት አልደፍርም። መሪያቸው ከተገደለ ስድስት ሳምንት አልሞላም። ሐዘን ላይ ናቸው፤ ግራ ገብቷቸዋል። ያን ቀን አንድ ነገር እንደተሰማቸው አያጠራጥርም። ምን እንደነበር የሚወስነው ግን እያንዳንዱ አንባቢ በእምነቱ ነው።

ሕዝቡ ለምን 12ቱን መረጠ?

ከንግግሩ በላይ የሠራው ያለፉት ዓመታት ትውውቅ ነው። 12ቱ ከ1839 እስከ 1841 እንግሊዝ አገር ሰብከው ሺዎችን አጥምቀዋል። ከእነዚያ ብዙዎቹ ናቩ ውስጥ ይኖራሉ። ላጠመቃቸው ሰው ነው እጃቸውን ያወጡት። በ1841 ጆሴፍ ራሱ 12ቱ የናቩን የቤተክርስቲያን ሥራ ከቀዳሚ አመራሩ ቀጥለው እንዲይዙ አድርጓል። ሪግደን ደግሞ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከጆሴፍ ጋር ተቀያይሞ ነበር፤ ጆሴፍ በ1843 ከአማካሪነት ሊያነሣው ሞክሮ ጉባኤው ነው ያስቀረለት።

ቤተመቅደሱም አለ። ናቩ ላይ እየተሠራ ነበር። 12ቱ እንጨርሰዋለን አሉ፣ ጨረሱትም። ከዲሴምበር 1845 እስከ ፌብሩዋሪ 1846 ባለው ጊዜ ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች የቤተመቅደሱን ሥርዓት ተቀበሉ። ያን ሥርዓት ከጆሴፍ እጅ ተቀብለው የሚያውቁት 12ቱና ጥቂት ሌሎች ናቸው። ከሪግደን ጋር መሄድ ማለት ቤተመቅደሱን ጥሎ መሄድ ነበር።

ክርክሩ በእውነት ስለ ሥልጣን ብቻ ነበር?

አይደለም። ከሥር ሌላ ነገር ነበር፤ ከአንድ በላይ ሚስት የማግባት ጉዳይ።

ጆሴፍ ይህን ትምህርት ለጥቂቶች በምስጢር አስተምሯል። ብሪገም ያንግና ሌሎች ሐዋርያት ተቀብለው ተግባራዊ አድርገውታል። ሪግደን ይቃወማል። ማርክስ ይቃወማል። የጆሴፍ ሚስት ኤማ ደግሞ ከማንም በላይ ትቃወማለች። ስለዚህ 12ቱን መምረጥ ያን ሥርዓት መቀጠል ነው፤ ማርክስን ወይም ሪግደንን መምረጥ ማስቆም ነው። በዚያ ሜዳ ላይ እጃቸውን ካወጡት ሺዎች ስንቱ ይህን ያውቅ ነበር? አብዛኛው አያውቅም። ሥርዓቱ በይፋ የታወጀው በኦገስት 1852 ዩታ ውስጥ ነው። ስለ ኦገስት 8 የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይህን ዘለው ያልፋሉ። እኔ ግን ያለ እሱ የኤማም የማርክስም ነገር አይገባም ባይ ነኝ።

ኤማ ስሚዝ ለምን ከያንግ ጋር አልሄደችም?

ባሏን አጣች፣ አራት ልጆች ታሳድጋለች፣ አምስተኛውን አርግዛለች። ንብረቱ ደግሞ ተደበላልቋል። ጆሴፍ የቤተክርስቲያኑን መሬት በአደራ ይዞ ስለነበር የቱ የቤተሰቡ፣ የቱ የቤተክርስቲያኑ እንደሆነ መለየት አስቸገረ። ዕዳም አለ። ኤማ የልጆቼን ድርሻ አልለቅም አለች። ያንግ ይህን እንደ ክህደት ቆጠረው። በዚህ ላይ ከላይ ያልኩት የጋብቻ ጉዳይ ተጨመረ። እሷ ናቩ ቀረች። በ1847 ሌላ ባል አገባች፤ በ1879 እዚያው ሞተች።

በዩታ ለብዙ ዓመታት ስሟ በክፉ ይነሣ ነበር። ይህ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። የወርቅ ሰሌዳዎቹ ትርጉም ሲጀመር ከጸሐፊዎቹ አንዷ የነበረች፣ ለቤተክርስቲያኑ የመጀመሪያውን የመዝሙር መጽሐፍ ያዘጋጀች ሴት ናት።

ጄምስ ስትራንግ ማን ነው? ለምን ብዙ ሰው ተከተለው?

ያቺ ጠበቃ ይዟት ይመጣል ያልኳችሁ ሐረግ እዚህ ጋ ናት።

ስትራንግ የተጠመቀው በፌብሩዋሪ 1844 ነው። ጆሴፍ ሊሞት አራት ወር ሲቀረው ማለት ነው። ከግድያው በኋላ አንድ ደብዳቤ አሳየ። የተጻፈው ጁን 18 ቀን ነው፤ የናቩ ፖስታ ቤት ማኅተም አለበት። ጆሴፍ በደብዳቤው ስትራንግን ተተኪው ያደርገዋል፤ ሕዝቡ ዊስኮንሲን ውስጥ ቮሪ በሚባል ቦታ እንዲሰበሰብም ያዛል። ስትራንግ ደግሞ ጆሴፍ በሞተበት ሰዓት መልአክ ቀብቶኛል አለ። ዛሬ ደብዳቤው በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ማኅተሙ እውነተኛ ነው። ፊርማው ግን የጆሴፍ እጅ አይደለም።

የስትራንግ ክርክር ጠንካራ ነበር። ራእዩ ምን ይላል? ጆሴፍ በምትኩ ሌላ ይሾማል። 12ቱን ማን ነቢይ አድርጎ ሾማቸው? ማንም። እኔን ግን በጽሑፍ ሾሞኛል። በሴፕቴምበር 1845 ደግሞ እንደ ጆሴፍ ከመሬት ውስጥ የተቀበሩ የናስ ሰሌዳዎች አወጣ። አራት ምስክሮች ቆፍረው ከዛፍ ሥር ሲያገኟቸው አይተዋል። ነቢይ ማለት ራእይ የሚያይ፣ ሰሌዳ የሚተረጉም ሰው ነው ብሎ ላደገ አማኝ ያንግ አስተዳዳሪ ይመስላል፤ ስትራንግ ግን ጆሴፍን ይመስላል። ማርክስ ተከተለው። የጆሴፍ ወንድም ዊልያም ተከተለው። ከ12ቱ አንዱ ጆን ፔጅ፣ ከመጽሐፈ ሞርሞን ሦስቱ ምስክሮች አንዱ ማርቲን ሃሪስም ለጊዜው ከእሱ ጋር ነበሩ።

የጎዳው ያው የጋብቻ ጉዳይ ነው። ብዙዎች የመጡት ከአንድ በላይ ሚስትን ይቃወማል ብለው ነበር። በ1849 ግን ራሱ ሁለተኛ ሚስት አገባ። ልጅቷን የወንድ ልብስ አልብሶ ጸሐፊዬና የወንድሜ ልጅ ነው እያለ አብራው ትጓዝ ነበር። ነገሩ ሲወጣ ብዙ ሰው ጥሎት ሄደ። ዋና ሰፈሩ በሚሺጋን ሐይቅ ያለችው ቢቨር ደሴት ሆነች። በጁላይ 8 ቀን 1850 ዘውድ ጭኖ ነገሠ። ለሚሺጋን ምክር ቤትም ተመርጧል። በጁን 1856 ቂም የያዙበት የቀድሞ ተከታዮቹ ወደብ ላይ ከኋላው ተኮሱበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞተ። ተከታዮቹን ሰዎች መጥተው ከደሴቲቱ አባረሯቸው።

በሞት አልጋው ላይ ተተኪ ሹም ሲሉት አልሾመም። በሹመት ደብዳቤ የቆመው ቤተክርስቲያን ያለ ሹመት ቀረ። ዛሬ በዊስኮንሲን ጥቂት አማኞች አሉት።

ሪግደንስ የት ደረሰ?

በሴፕቴምበር 1844 ተባረረ። ወደ ፒትስበርግ ተመልሶ በሚቀጥለው ዓመት የራሱን ቤተክርስቲያን አቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰበት። በ1876 ኒውዮርክ ውስጥ ሞተ። ከተከታዮቹ መካከል ግን ዊልያም ቢከርተን የሚባል ሰው በ1862 ያቋቋመው ቤተክርስቲያን ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ዛሬም አለ።

ሌሎችም አሉ። ሐዋርያው ላይመን ዋይት ጆሴፍ ልኮኛል ብሎ ሕዝብ ይዞ ቴክሳስ ገባ። አልፌየስ ከትለር አዮዋ ውስጥ የራሱን አቋቋመ።

ብሪገም ያንግ ፕሬዚዳንት የሆነው ያኔውኑ በ1844 ነው?

አይደለም፤ ይህ በብዛት የሚሳሳቱበት ነው። በ1844 የተመረጡት 12ቱ በጋራ ናቸው። ያንግ የእነሱ ሰብሳቢ ነው። በ1846 ከናቩ ወጡ፤ በጁላይ 1847 ዛሬ ዩታ በሚባለው ግዛት ያለው የሶልት ሌክ ሸለቆ ደረሱ። አዲስ ቀዳሚ አመራር ይቋቋም ሲባል ሐዋርያቱ ራሳቸው ተከራከሩ። ኦርሰን ፕራት አንድ ሰው ብቻውን ከፍ እንዲል አልፈለገም። በዲሴምበር 1847 ተስማሙ፤ አዮዋ ውስጥ ከግንድ በተሠራ አዳራሽ ሕዝቡም እጁን አወጣ። ሦስት ዓመት ተኩል ፈጀ ማለት ነው።

ዛሬስ ያ ቤተክርስቲያን መሪውን እንዴት ይመርጣል?

በሐዋርያነት ረጅም ጊዜ ያገለገለው ይሆናል። ይህ ልማድ ግን በአንድ ቀን አልመጣም። ሁለት ሐዋርያት፣ ኦርሰን ሃይድና ኦርሰን ፕራት፣ በጆሴፍ ዘመን ለአጭር ጊዜ ከቦታቸው ወርደው ነበር። ያንግ በ1875 የአገልግሎት ዘመናቸው ከተመለሱበት ቀን ይቆጠር አለ። በዚህ የተነሣ ጆን ቴይለር ቀደማቸው። ካርቴጅ እስር ቤት የቆሰለው ሰው፣ ያንግ በ1877 ሲሞት መሪ ሆነ። የእሱም ሹመት እስከ 1880 ዘገየ። ከ1898 ወዲህ ግን ርክክቡ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ራስል ኔልሰን በሴፕቴምበር 2025 በ101 ዓመታቸው ሲያርፉ ዳሊን ኦክስ በቀጣዩ ወር ተተኩ። ማንም አልተከራከረም።

የጆሴፍ ልጅስ?

ጆሴፍ ሣልሳዊ ይባላል። ወጣት ሳለ መሪ ሁን ብለው መጥተውበት እምቢ ብሏል። በ1850ዎቹ ዊስኮንሲንና ኢሊኖይ ያሉ ምእመናን ከስትራንግም ከሌሎችም ተስፋ ቆርጠው ከጆሴፍ ዘር የሆነ መሪ እንጠብቃለን ብለው ተደራጅተው ነበር። በኤፕሪል 6 ቀን 1860 አምቦይ፣ ኢሊኖይ ላይ ጥሪያቸውን ተቀበለ። 27 ዓመቱ ነው። ኤማም አብራው መጣች። ማርክስም በመጨረሻ ቤቱን እዚያ አገኘ። ልጁ እስከ 1914 መራ፤ ከእሱ በኋላ ሦስት ልጆቹ በተራ፣ ቀጥሎም የልጅ ልጁ። የስሚዝ ዘር መሪነት ያበቃው በ1996 ነው። ቤተክርስቲያኑ ከ2001 ወዲህ የክርስቶስ ማኅበረሰብ በሚል ስም ይጠራል። በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ነቢይና ፕሬዚዳንት፣ ስታሲ ክራም፣ ተሾመች።

ጆሴፍ ልጁን መሾሙን የሚያረጋግጥ ሰነድ ተገኝቷል የሚባለው እውነት ነው?

ሐሰት ነው። በ1981 ማርክ ሆፍማን የሚባል የጥንት ሰነድ ነጋዴ በጃንዋሪ 1844 የተጻፈ የበረከት ጽሑፍ አመጣ። የዩታውም የጆሴፍ ሣልሳዊም አብያተ ክርስቲያናት እውነት ነው ብለው ተቀበሉት። ሰነዱ ሆፍማን ራሱ የፈበረከው ነበር። ማጭበርበሩ ሊጋለጥበት ሲል በኦክቶበር 1985 ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ በቦምብ ሁለት ሰዎች ገደለ። በ1987 ጥፋቱን አምኖ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ሰነዱ ሐሰት መሆኑ ግን ጆሴፍ ልጁን አልባረከም ማለት አይደለም። ስለ በረከቱ የተሰጡት ምስክርነቶች ከሆፍማን በፊት ብዙ ዘመን ነበሩ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል?

ደርሷል። ሚዙሪ፣ ኢንዲፔንደንስ ላይ ጆሴፍ በ1831 ለቤተመቅደስ የለየው መሬት አለ። ግራንቪል ሄድሪክ የሚመሩት ትንሽ ቡድን ተመልሶ ከ1867 ጀምሮ ገዛው። የጆሴፍ ሣልሳዊ ቤተክርስቲያን እውነተኛው ወራሽ እኔ ነኝ ብሎ ከሰሰ። በ1894 ዳኛው ፈረደለት፤ በ1895 ይግባኝ ሰሚው ሻረው፣ ክሱ ዘግይቷል በሚል። መሬቱ ዛሬም በዚያ ትንሽ ቡድን እጅ ነው። ቤተመቅደስ አልተሠራበትም።

ከርትላንድ ያለው የመጀመሪያው ቤተመቅደስም ከመቶ ዓመት በላይ በጆሴፍ ሣልሳዊ ወገን እጅ ቆየ። በማርች 2024 የዩታው ቤተክርስቲያን እሱን፣ ናቩ ያሉ የስሚዝ ቤተሰብ ቤቶችንና አንዳንድ ሰነዶችን በ192.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ።

ተጣልተው ከወጡት ቀደምት መሪዎች የተመለሰ አለ?

አለ። ማርቲን ሃሪስ ብዙ ቦታ ዞሮ በ1870 በ87 ዓመቱ ዩታ ገባ። ካውድሪ ደግሞ በ1848 ከያንግ ሰዎች ጋር ተገናኘ። አንድ ጊዜ የቤተክርስቲያኑ ሁለተኛ ሰው የነበረው ሰው ሥልጣን አልፈልግም፣ አባል ልሁን ብቻ ብሎ ጠየቀ። በኖቬምበር እንደገና ተጠመቀ። ወደ ዩታ ሳይሻገር በማርች 1850 ሚዙሪ፣ ሪችመንድ ውስጥ በሚስቱ ቤተሰቦች ዘንድ ሞተ። የሚስቱ ወንድም ዴቪድ ዊትመር ነው። ዊትመር ወደ የትኛውም ወገን አልተመለሰም። ጆሴፍ ተሳስቷል፣ መጽሐፈ ሞርሞን ግን እውነት ነው እንዳለ በ1888 በዚያችው ከተማ ሞተ። የካውድሪም የዊትመርም መቃብር ሪችመንድ ነው።